ዝናቡን የደበቀው ምልክት፦ የመስመር መጨረሻ በኮምፒዩተር ጽሑፍ ውስጥ

በሳይንስ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ስሕተት የትኛው ነው? መሣሪያ ሲሰበር ይታያል፤ ፕሮግራም ሲቆም የስሕተት መልእክት ያወጣል። አስፈሪው ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ ትክክለኛ መስሎ የሚቀርብ መልስ የሚሰጠው ስሕተት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እንዲህ ያለውን ስሕተት ሲሆን፣ ምንጩም በዓይን የማትታይ አንዲት ምልክት ናት።

ከዓመታት በፊት የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ አንድ ተማሪ ወደ ቢሯችን መጣ። ጥናቱ የአንድ ደጋ አካባቢ የዝናብ መጠን ነበር። መረጃው በሁለት ቦታ ተጽፏል። ከጥር እስከ ሰኔ ያለውን ከወረቀት መዝገብ እየገለበጠ ካዛንቺስ ውስጥ በነበረ አንድ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት፣ በዊንዶውስ ላይ አስተይቦታል። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ደግሞ ራሱ በቤተ ሙከራችን የሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ጽፎታል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ በመጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ በሚሊ ሜትር የተለካው ዝናብ፣ በመጨረሻም የጣቢያው ስም ይገኛል። ተማሪው ሁለቱን ፋይሎች አንድ ላይ አጋጠመና «ኦክ» የተባለውን የትእዛዝ መስመር መሣሪያ፣ «የመጨረሻው ቃል የዚህ ጣቢያ ስም ከሆነ ዝናቡን ደምር» ብሎ አዘዘው። መሣሪያው ሳያጉረመርም ደመረ። የክረምቱ ዝናብ ልክ ነበር፤ የበልጉ ግን ዜሮ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ውጤቱ ሁለት ሺህ ሚሊ ሜትር ወይም ከዜሮ በታች ቢሆን ኖሮ ማንም ይጠራጠር ነበር። ዜሮ ግን በአገራችን የሚታመን ቁጥር ነው፤ በልግ ሊከሽፍ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ተማሪውም «በዚያ ዓመት በአካባቢው በልግ ፈጽሞ አልዘነበም» የሚል አንቀጽ ጽፎ፣ ምክንያቱን ከባሕር ሙቀት ለውጥ ጋር ማያያዝ ጀምሮ ነበር። ነገሩ የተጋለጠው በኮምፒዩተር አልነበረም። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑት እናቱ በስልክ ሲያነጋግሩት፣ «በዚያ ዓመትማ የበልግ ገብሳችን ጥሩ ነበር» አሉት። ሰማዩ አልከሸፈም፤ የከሸፈው ፋይሉ ነበር።

ፋይሉን በባይት ደረጃ ከፍተን ስናየው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት መስመሮች ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ ከጣቢያው ስም ጋር የተጣበቀ አንድ ባይት አገኘን፤ ቁጥሩ 13 ነው። ለሰው ዓይን ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው። ለመሣሪያው ግን አንዱ የጣቢያው ስም ብቻ ነው፤ ሌላው የጣቢያው ስም ከነ 13 ነው። ስለዚህ የበልጉን መስመሮች «የሌላ ጣቢያ ናቸው» ብሎ ዘለላቸው። ይህ 13 ከየት መጣ?

ሁለት ምልክት ለአንድ ሥራ

የኮምፒዩተር ፋይል የቁጥሮች ሰልፍ ነው። በውስጡ «መስመር» የሚባል ነገር የለም፤ ሰልፉ አንድ ወጥ ነው። መስመር የሚያበቃበትን ቦታ የምናውቀው በሰልፉ ውስጥ ለዚህ የተመደበ ምልክት ስናገኝ ብቻ ነው።

የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው ይህንን በቀላሉ ይረዳዋል። ጸሐፊው ዓምዱ ሲያልቅበት ቃሉን በፈለገበት ፊደል ላይ ቆርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገራል፤ የመቁረጫ ምልክትም አያደርግም። ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነው፤ ዓረፍተ ነገርን የሚዘጋው አራት ነጥብ ነው። የመስመሩ ዳር የብራናው ዳር እንጂ የንባቡ ክፍል አይደለም። ኮምፒዩተር ግን ከብራና ሳይሆን ከቴሌታይፕ ስለተወለደ፣ ለመስመር መጨረሻ የራሱ ምልክት ተሰጠው፤ ያውም አንድ ሳይሆን ሁለት።

በጽሕፈት መኪና ላይ መስመር ሲያልቅ ጸሐፊው ማንሻውን ሲገፋ ሁለት ነገር ይፈጸማል። ሠረገላው ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ወረቀቱም አንድ መስመር ወደ ላይ ይገፋል። ቴሌታይፕ እነዚህን ሁለት እንቅስቃሴዎች ለየብቻ ያዝዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው የፊደላት ቁጥር ሰንጠረዥ ለመጀመሪያው 13ን፣ ለሁለተኛው 10ን መደበ። በዚህ ጽሑፍ 13ን «መላሽ»፣ 10ን ደግሞ «ገፊ» እያልን እንጠራቸዋለን።

ለምን ተለያዩ? መልሱ የፊዚክስ ነው። «ቴሌታይፕ ሞዴል 33» የተባለው ማሽን በሴኮንድ 10 ምልክት ይቀበላል፤ ለአንድ ምልክት 0.1 ሴኮንድ ማለት ነው። በአንድ መስመር 72 ፊደላት ይጽፋል፤ በአንድ ኢንች 10 ፊደል ስለሚይዝ፣ የመስመሩ ርዝመት 7.2 ኢንች ወይም 18.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሚጽፈው አካል ከቀኝ ዳር ወደ ግራ ዳር በ0.1 ሴኮንድ መመለስ ቢኖርበት፣ አማካይ ፍጥነቱ 1.8 ሜትር በሴኮንድ ሊሆን ነው። በ0.2 ሴኮንድ ከተመለሰ ግን 0.9 ሜትር በሴኮንድ ይበቃዋል። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱን በግማሽ መቀነስ በዳሩ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት ወደ ሩብ ያወርደዋል። ስለዚህ መላሽ ቀድሞ ይላካል፤ ገፊ ተከትሎ ሲደርስ የሚጽፈው አካል ገና በጉዞ ላይ ነው። ሁለቱ ምልክቶች በአንድነት 0.2 ሴኮንድ ይሰጡታል። የብረት ክብደት ያስከተለው ችግር በዚህ መንገድ ተፈታ።

ሦስት ቤት፣ ሦስት ልማድ

ብረቱ ሲቀር ልማዱ ግን ቀረ፤ ያውም በየቤቱ ተለያይቶ። መልቲክስ የተባለው ሥርዓት ፋይል ውስጥ አንድ ምልክት ይበቃል ብሎ ገፊን ብቻ መረጠ፤ ማሽኑ መላሽ ካስፈለገው በሚጽፍበት ጊዜ ይጨመርለታል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው ዩኒክስ ይህንን ወረሰ፤ ሊኑክስም ከዩኒክስ ተቀበለ። ሲፒኤም የተባለው የትንንሽ ኮምፒዩተሮች ሥርዓት ግን ሁለቱንም ምልክቶች ፋይሉ ውስጥ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኤምኤስ-ዶስ ከሲፒኤም፣ ዊንዶውስም ከኤምኤስ-ዶስ ወረሰው። የአፕል ማኪንቶሽ ደግሞ እስከ 2001 ድረስ መላሽን ብቻ ይጠቀም ነበር፤ በዚያ ዓመት በዩኒክስ ላይ የተመሠረተው አዲሱ ሥርዓት ሲመጣ ወደ ገፊ ዞረ።

እንግዲህ ሦስቱም ልማዶች ለየራሳቸው ትክክል ናቸው። ስሕተት የሚፈጠረው ፋይል ወይም ፕሮግራም ከቤት ወደ ቤት ሲሻገር ነው።

በቂርቆስ የታየ መሻገሪያ

የዚህ መሻገር ጥሩ ምሳሌ በከተማችን እንብርት ይገኛል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ አጠገብ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1980 «ፓዲስ» የተባለውን የመላ አፍሪካ የልማት መረጃ ሥርዓት አቋቁሞ ነበር። የኢንተርኔት አገልግሎት ለኢትዮጵያ ሕዝብ የተከፈተው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ፓዲስ ፊዶኔት በተባለው መረብ አማካይነት የኤሌክትሮኒክ መልእክት ያቀባብል ነበር። ፊዶኔት በ1984 በቶም ጄኒንግስ የተፈጠረ ሲሆን አሠራሩ ከፖስታ ቤት ጋር ይመሳሰላል። መልእክቶች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይጠራቀማሉ፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ በተራ ስልክ ወደ ሌላው ደውሎ ያስረክባቸዋል። ከአዲስ አበባ የሚነሱት መልእክቶች ግሪንኔት በተባለው የለንደን ድርጅት በኩል ወደ ቀረው ዓለም ይሻገሩ ነበር።

አንድ ተመራማሪ ያን ጊዜ በኤምኤስ-ዶስ ኮምፒዩተር ላይ የጻፈውን ደብዳቤ በየደረጃው በሥራ ላይ በነበሩት ደንቦች መሠረት እንከተለው። ሲጻፍ እያንዳንዱ መስመር በመላሽና በገፊ ይዘጋል። ወደ ፊዶኔት ሲገባ ደንቡ፣ «መላሽ የአንቀጽ መጨረሻ ነው፤ ሊጠበቅ ይገባል፤ ገፊን ግን እንደሌለ ቁጠረው» ይላል። ወደ ዩኒክስ ኮምፒዩተር ሲደርስ ፋይሉ ውስጥ የሚያስፈልገው ገፊ ብቻ ነው። በመጨረሻ በኢንተርኔት የደብዳቤ ደንብ ሲላክ ደግሞ መስመሩ እንደገና በሁለቱም መዘጋት አለበት። አንድ ደብዳቤ ከካዛንቺስ ተነሥቶ ተቀባዩ ዘንድ እስኪደርስ የመስመሩ መጨረሻ ሦስት ጊዜ ልብሱን ይቀይራል። በእያንዳንዱ በር ላይ የቆመው ፕሮግራም ሥራውን በትክክል ካልሠራ፣ ደብዳቤው ወይ አንድ ረጅም መስመር፣ ወይ በየመስመሩ መካከል ባዶ መስመር የተሰገሰገበት ጽሑፍ ሆኖ ይደርሳል።

የሰፈሩ ስም ራሱ የመሻገር ታሪክ አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ተቋም ምህጻረ ስም «ኢንቺስ» ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲሻገር በሁለቱ ቃላት መካከል የነበረው ክፍተት ጠፍቶ «ካዛንቺስ» ሆነ። በንግግር ላይ ክፍተት ቢጠፋ ሰው ይግባባል። ኮምፒዩተር ግን ቸርነት የለውም።

የፊዶኔት ደንብ ሌላም ነገር ነበረው። 141 የተባለውን ባይት «ለስላሳ መላሽ» ብሎ ሰይሞ፣ ፕሮግራሞች እንዲዘልሉት ይፈቅድ ነበር። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ 141 ስለማይገኝ ማንም አልተጎዳም። በኤምኤስ-ዶስ የሩሲያ የፊደል ሰንጠረዥ ላይ ግን 141 «ኤን» የተባለው ትልቁ ፊደል ነበር፤ ስለዚህ ከሩሲያውያን መልእክት ውስጥ ይህ ፊደል ይጠፋ ነበር። ለእኛስ? ዛሬ አማርኛን በዩቲኤፍ-8 ስንጽፍ አራት ነጥብ 225፣ 141፣ 162 በተባሉ ሦስት ባይቶች ይቀመጣል። መካከለኛው 141 ነው! የ«ፈ»፣ የ«ፀ» እና የ«ፐ» ቤቶች፣ ሁለት ነጥብና የግእዝ ቁጥሮችም ሁሉ ይህንን ባይት ይዘዋል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ስለሆነ፣ በፓዲስ ዘመን ይህ አደጋ አልደረሰብንም። ነገር ግን ለአንድ ቋንቋ ምንም የማይመስል «ይህን ባይት ዝለለው» የሚል ሕግ ለሌላው ቋንቋ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ የሚያፈርስ ሊሆን እንደሚችል ያሳየናል።

የተሻገሩት መሣሪያዎች

አሁን ወደ ትእዛዝ መስመር መሣሪያዎች እንመለስ። «ግሬፕ» ቃል ይፈልጋል፤ «ሴድ» ቃል ይተካል፤ «ሶርት» ይደረድራል፤ «ኦክ» ዓምዶችን ያሰላል። ሁሉም የተወለዱት ዩኒክስ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ለእነርሱ መስመር የሚያበቃው በገፊ ነው። መላሽ እንደ ማንኛውም ፊደል አንድ ፊደል ነው። ጠቃሚነታቸውን ያዩ ሰዎች ወደ ዊንዶውስ አሻገሯቸው። በ1995 የተጀመረው ሲግዊን እና ጂኤንዩዊን32 የተባለው ስብስብ ከታወቁት መሻገሪያዎች መካከል ናቸው።

አሻጋሪው አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ መላሽን ምን እናድርገው? ሲ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፋይልን በሁለት ዓይነት መንገድ ለመክፈት ይፈቅዳል። አንደኛው «የጽሑፍ» አከፋፈት፣ ሁለተኛው «የጥሬ ባይት» አከፋፈት ነው። በዩኒክስ ሁለቱ አንድ ናቸው። በዊንዶውስ ግን በጽሑፍ አከፋፈት ሲነበብ መላሽና ገፊ ተከታትለው ከተገኙ ወደ ገፊ ብቻ ይለወጣሉ፤ ሲጻፍ ደግሞ ከእያንዳንዱ ገፊ በፊት መላሽ ይጨመራል። በተጨማሪም 26 የተባለው ባይት ሲነበብ «ፋይሉ አበቃ» ተብሎ ይቆጠራል። ይህ ሌላ ቅርስ ነው፤ ሲፒኤም የፋይልን መጠን በ128 ባይት ጥቅል ብቻ ይቆጥር ስለነበረ፣ ጽሑፉ በጥቅሉ ውስጥ የት ላይ እንደሚያልቅ ለማሳየት 26 ይጻፍ ነበር።

አሻጋሪዎቹ ለጥያቄው የሰጡት መልስ አንድ አይደለም። አንዱ መሣሪያ በጽሑፍ አከፋፈት፣ ሌላው በጥሬ ባይት ይሠራል። በዊንዶውስ ላይ የነበረው የጂኤንዩ ግሬፕ ደግሞ የፋይሉን መጀመሪያ አይቶ፣ «ይህ ጽሑፍ ነው» ብሎ ከገመተ መላሽን ራሱ ያነሣ ነበር። በ2017 ደግሞ የሲግዊን ግሬፕ፣ ሴድና ኦክ ይህን ልማድ ትተው መላሽን እንዳለ መተው ጀመሩ። ይህ ማለት ያው ኮምፒዩተር፣ ያው ፋይል፣ ያው ትእዛዝ በአሮጌውና በአዲሱ መሣሪያ የተለያየ መልስ ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሚዛኑን ቀይረን መለካቱን ብንቀጥል፣ የሚዛኑን ዓይነት መዝግበን አናልፍምን? የመሣሪያውን ዕትም ቁጥር መመዝገብም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከዚህ የሚመነጩት ስሕተቶች በአብዛኛው ከአምስት አይበልጡም።

አንደኛ፣ «በመስመሩ መጨረሻ ላይ ይህ ቃል አለን?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ «የለም» ይሆናል፤ በመጨረሻው ቦታ ላይ ያለው መላሽ ነውና። የተማሪያችን በልግ የጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለት አንድ ዓይነት መስመሮች እንደ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ይቆጠራሉ። ስድስት ጣቢያ አሥራ ሁለት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የፋይሉ መጠን ይለወጣል። 365 መስመር ያለው ፋይል በ365 ባይት ይወፍራል። የፋይሉን ትክክለኛነት ለማረጋገጥ የሚወጣው የማረጋገጫ ቁጥርም ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

አራተኛ፣ ቀድሞ መላሽ ያለው ፋይል በሌላ በር ሲያልፍ ሁለተኛ መላሽ ይጨመርበታል፤ 13፣ 13፣ 10 ይሆናል። አንዳንዱ አርታዒ ፕሮግራም ይህንን እንደ ሁለት መስመር ስለሚቆጥረው ባዶ መስመሮች ይበቅላሉ።

አምስተኛ፣ በዊንዶውስ ላይ የተጻፈ የትእዛዝ ፋይል ወደ ሊኑክስ ሲወሰድ፣ በመጀመሪያው መስመር የተጠቀሰው ተርጓሚ ፕሮግራም ስም ላይ መላሽ ይጣበቅና «እንዲህ ያለ ፕሮግራም የለም» ይባላል። ይህኛው ቢያንስ ይጮኻል፤ ስለዚህ ከአምስቱ ሁሉ ደጉ እርሱ ነው።

ሊ፣ ል እና ሚ

እስካሁን ያየነው በየትኛውም ቋንቋ ሊደርስ የሚችል ነው። የአማርኛ ጸሐፊ ግን ተጨማሪ ወጥመድ አለበት። በዩኒኮድ የግእዝ ፊደል የሚጀምረው ከቁጥር 4608 ሲሆን፣ እርሱም «ሀ» ነው። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ሆሄያት፣ ስምንተኛው በአብዛኛው ለዲቃላው። 4608 በትክክል 18 ጊዜ 256 ነው። ስለዚህ ዩቲኤፍ-16 በተባለው አቀማመጥ፣ ፊደል በሁለት ባይት ሲጻፍ አንዱ ባይት 18 ይሆናል፤ ሌላው ፊደሉ ከ«ሀ» ያለው ርቀት ነው።

አሁን እንቁጠር። ከ«ሀ» 10 ቦታ የራቀው ማን ነው? አንድ ሙሉ ቤት 8 ነው፤ 2 ይቀራል፤ የ«ለ» ቤት ሣልስ፣ ማለትም «ሊ»። 13 ቦታ የራቀው የ«ለ» ቤት ሳድስ «ል» ነው። 26 ቦታ የራቀውስ? ሦስት ቤት 24፣ ቀሪው 2፤ የ«መ» ቤት ሣልስ «ሚ» ነው። በቀጣዩ 256 ውስጥ ስንሄድ ደግሞ 10 ላይ «ጊ»፣ 13 ላይ «ግ» ይገኛሉ። ገፊ፣ መላሽና የፋይል ማብቂያ በፊደላችን ውስጥ ተደብቀው ተቀምጠዋል!

የዊንዶውስ ኖትፓድ በ2000ዎቹ «ዩኒኮድ» እያለ ያስቀምጥ የነበረው ይህንኑ ዩቲኤፍ-16 ሲሆን፣ ትንሹን ባይት ያስቀድማል። «ጊዜ» የሚለው ቃል 10፣ 19፣ 220፣ 18 ሆኖ ይቀመጣል። ይህንን ፋይል በባይት የሚያስብ መሣሪያ በጽሑፍ አከፋፈት መልሶ ቢጽፈው፣ 10ን ገፊ ነው ብሎ በፊቱ 13 ያስገባል፤ 13፣ 10፣ 19፣ 220፣ 18። ጥንዶቹ ተዛነፉ። የመጀመሪያው ጥንድ ቁጥር 2573 ሆነ፤ በዚያ ቁጥር የተመዘገበ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የለም። ሁለተኛውም ጥንድ 56339 ይሆናል፤ እርሱም ብቻውን ፊደል አይሆንም። ሌላ 10 እስኪመጣና ሽግሽጉ ሁለት ባይት ሆኖ እስኪስተካከል ድረስ ጽሑፉ ሁሉ ትርጉም የለሽ ይሆናል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍም በዩቲኤፍ-16 ከተቀመጠ እንዲሁ ይበላሻል፤ ነገር ግን የሚበላሸው ከመስመር መጨረሻ በኋላ ነው። የእኛው ግን በቃል መካከል ይፈርሳል።

«መላሽን ሁሉ ሰርዝ» የሚለው የተለመደ መፍትሔም እዚህ መርዝ ይሆናል። «ልጅ» 13፣ 18፣ 5፣ 19 ነው። 13 ሲሰረዝ 18 እና 5 ይጣመሩና ቁጥር 1298 ይሆናሉ፤ በዚያ ቦታ ያለው ሩሲያኛ ከሚጻፍባቸው ፊደላት ወገን የሆነ ፊደል ነው። ከሁሉ የከፋው «ሚ» ነው። «ሚዛን» የሚል ቃል ያለበት ፋይል በጽሑፍ አከፋፈት ሲነበብ፣ የ«ሚ» የመጀመሪያ ባይት 26 ስለሆነ ንባቡ እዚያው ላይ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። መሣሪያው ምንም ቅሬታ አያሰማም። ለእርሱ ፋይሉ አልቋል።

መዳኛው ዩቲኤፍ-8 ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ይህንን አቀማመጥ ሲቀርጹ፣ ከአስኪ ውጭ ያሉ ፊደላት ባይቶች ሁሉ ከ127 በላይ እንዲሆኑ አደረጉ። ስለዚህ በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ የአማርኛ ፊደል ውስጥ 10፣ 13 ወይም 26 ፈጽሞ አይገኝም። በፋይሉ ውስጥ 13 ካየን በእርግጥ መላሽ ነው፤ «ል» ሊሆን አይችልም።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከሌላ ቦታ የመጣን ፋይል ከመደመራችን በፊት በባይት ደረጃ እንየው። «ኦዲ» የተባለው መሣሪያ ባይቶቹን አንድ በአንድ ያወጣል፤ «ፋይል» የተባለው ደግሞ የመስመሩ መጨረሻ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይነግረናል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ሥራ አንድ ልማድ እንምረጥ። መረጃው ሁሉ በዩቲኤፍ-8 ይቀመጥ፤ መስመሩ በገፊ ብቻ ይዘጋ። የዊንዶውስ ኖትፓድ በአንድ ወቅት በገፊ ብቻ የተዘጉ መስመሮችን አያይዞ ያሳይ ነበር፤ ከ2018 ወዲህ ግን በትክክል ያሳያቸዋል። ስለዚህ ይህን ምርጫ የሚከለክል ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፣ ቅደም ተከተሉን እንጠብቅ። ፋይሉ በዩቲኤፍ-16 ከሆነ በቅድሚያ ወደ ዩቲኤፍ-8 እንለውጠው፤ መላሽን የምናነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህም ጊዜ ቢሆን በመስመር መጨረሻ ላይ ያለውን ብቻ የሚያነሣውን «ዶስቱዩኒክስ» የመሰለ መሣሪያ እንምረጥ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥነው «ል» እና «ግ» ይጎዳሉ።

አራተኛ፣ ሥዕልን፣ ድምፅን ወይም የመሣሪያን ጥሬ መረጃ በጽሑፍ አከፋፈት አናሳልፈው። በውስጡ ያለው 10 ቁጥር እንጂ የመስመር መጨረሻ አይደለም።

አምስተኛ፣ የገባውንና የወጣውን እንቁጠር። ተማሪያችን፣ «ወደ መሣሪያው ስንት መስመር ገባ? ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ተደመረ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ የግማሽ ዓመት መስመሮች እንደጎደሉ ወዲያው ያይ ነበር። በፊዚክስ ጉልበት ከምንም አይፈጠርም፤ ወደ ምንምም አይጠፋም። ለመረጃም ይህንኑ ሕግ እናውጣለት፤ የጎደለው መስመር ሁሉ የት እንደሄደ ይታወቅ።

ለአንባቢ የሚሆን ሙከራ እናቅርብ። የራሳችሁን ስም ፊደላት ከ«ሀ» እየቆጠራችሁ 10፣ 13 ወይም 26 ላይ የሚወድቅ ፊደል እንዳለበት ፈልጉ። ስሙ «ግርማ» ወይም «ልዑል» የሆነ፣ በጅምላ መላሽን ከሚሰርዝ ሰው ይጠንቀቅ። «ሊያ» የተባለች፣ ስሟ ከመጀመሪያው ፊደል ይዛነፍባታል። «ሚካኤል» የተባለ ደግሞ በጽሑፍ አከፋፈት ሲነበብ አንድ ፊደል እንኳ ሳይቀር ስሙ ይጠፋበታል። ከዚያ ስማችሁን በዩቲኤፍ-16 አስቀምጣችሁ፣ ባይቶቹን በ«ኦዲ» አውጥታችሁ በስሌት ካገኛችሁት ጋር አመሳክሩ።

የተማሪያችን ጉዳይ በደኅና ተፈጸመ። መላሾቹ ተነሡ፤ ድምሩ እንደገና ተሠራ፤ የበልጉ ዝናብም ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለከሸፈው በልግ የተጻፈው አንቀጽ ተሰርዞ በምትኩ መረጃው እንዴት እንደተጣራ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ገባ። ፋይሉ የተተየበበት ጽሕፈት ቤት ዛሬ የለም፤ ካዛንቺስም በ2024 ከተካሄደው መልሶ ማልማት ወዲህ መልኳን ለውጣለች። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተር «ዜሮ» ሲለን፣ «የለም» ማለቱ ነው ወይስ «አላየሁም» ማለቱ ነው ብለን ሳንጠይቅ አናልፍም። የገብሱን ምርት የሚያስታውስ ሰው ሁልጊዜ ስልክ ላይ አይገኝምና።